ከቃሊቲ ወጥቶ ወረዳ መቀጠር ይቻላል?

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የተፈቱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው። አጭሩ መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ሕጉ የታሰረን ሁሉ ከመንግሥት ሥራ አያግድም። ለምሳሌ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 የከለከለው በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማጭበርበር የተፈረደበትን ነበር። (አዋጆቹ ተሻሽለዋልና ከማመልከታችሁ በፊት አሁን የሚሠራበትን የአዲስ አበባ ከተማን አዋጅ አንብቡ።) በመኪና አደጋ ሰው ገድሎ የተፈረደበት ሾፌር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አንዳንድ የሰው ሀብት ክፍሎች ግን አመልካቹ ከፖሊስ ያመጣውን የአሻራ ምርመራ ውጤት ሲያዩ ወንጀሉ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ፋይሉን ይዘጋሉ። ይህ ሕግ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደውን ተጨማሪ ቅጣት መጣል ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ መሰየም የሚባለውን መብት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ሰፍሯል። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ከተፈጸመ 5 ዓመት፣ ሌላ ከሆነ 2 ዓመት ሊያልፍ ይገባል። ሰውየው በመልካም ጠባይ የቆየ፣ ጉዳቱንም በተቻለው መጠን የካሰ መሆን አለበት። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የድሮውን ፍርድ እያነሳ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው» ማለትም መከላከያ አይሆነውም።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመፈቻ ወረቀቱንና ካሳ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።