የጊት ሜሞሪ ሊክ እንዴት ተደፈነ?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላፕቶፑን ከፍቶ «ጊት ኮሚት» የሚል ወጣት ሜሞሪ ሊክን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የወሰደውን ሜሞሪ ሳይለቅ መቅረቱን፣ ልብ አይለውም፤ ትእዛዙ ሲያበቃ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያልተለቀቀውን ሜሞሪ ይሰበስባል። ችግሩ ለዓመታት ችላ የተባለውም ለዚህ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ በሚሠራ ፕሮሰስ ውስጥ ግን ሜሞሪው ይጠራቀማል።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ነው። በሲ ደግሞ በማሎክ የተወሰደን ሜሞሪ ፕሮግራመሩ ራሱ በፍሪ መልቀቅ አለበት።

ሊክ ሳኒታይዘር የተባለው መሣሪያ፣ ፕሮግራሙ ሊዘጋ ሲል ባለቤት አልባ የቀረውን ሜሞሪ የትኛው የኮድ መስመር እንደወሰደው ያሳያል። ከ2021 ጀምሮ በዚህ መሣሪያ ሲፈተሹ ከሊክ ንጹሕ የሆኑ የጊት ቴስት ፋይሎች ምልክት ተደረገባቸው፤ ምልክት ያለበት ፋይል ዳግም ሊክ ካሳየ ቴስቱ ይወድቃል። እጅግ ብልህ አሠራር ነው፤ የተጠገነው ተመልሶ አይበላሽም።

በ2024 የጊት ገንቢው ፓትሪክ ስታይንሃርት የቀሩትን ሊኮች በተከታታይ ጠገነ። በጃንዋሪ 2025 በወጣው የጊት 2.48 እትም ቴስቶቹ ያለ ሊክ አለፉ፤ ምልክቱም አላስፈላጊ ሆኖ ተነሣ።