የአባቴ የነበረው የማኅበሩ ሲሆን

ሰው ዕቃውን ለጎረቤት ሲያውስ ነገ እንደሚመለስለት ያውቃል። ለማኅበር ሲያዋጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን የተማርሁት በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ደጃፍ ነው።

አባቴ ድምፅ ማጉያ ለሠርግ እያከራየ ያሳደገኝ ሰው ነው። አምና ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመ። አንዱ ገንዘብ፥ አንዱ ወንበርና ድንኳን፥ አባቴም ድምፅ ማጉያውንና ጄኔሬተሩን አዋጡ። አንድ ቅዳሜ በአዳራሹ የነበረው ሥራ እንዳለቀ፥ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ብዬ ድምፅ ማጉያውን ላነሣ ስል አንደኛው ባልደረባ፥ «ልጄ፥ ይህ የአባትህ አይደለም፤ የማኅበሩ ነው» አሉኝ። አባቴ ይቈጣል ብዬ ስጠብቅ፥ «እውነታቸውን ነው» ብሎ የገዛ ዕቃውን ተከራየና ደረሰኝ ተቀበለ። እኔም አፈርሁ።

ምክንያቱን በኋላ አስረዳኝ። ማኅበር በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። አባቴ ዕቃውን ሰጥቶ በምትኩ ድርሻ አግኝቷል። ማኅበሩ ዕዳ ቢገባ ባለዕዳ ጠያቂው ድምፅ ማጉያውን ይወስዳል፤ ቤታችንን ግን አይነካም። ይህ ጥቅም የሚገኘው የሁለቱ ንብረት ሳይደባለቅ ሲቀር ነው።

ግምቱም ትክክለኛ መሆን አለበት። ያረጀ ዕቃ እንደ አዲስ ቢገመት ባልደረባም አበዳሪም ይታለላል። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የዕቃው ዓይነትና ግምት በመመሥረቻ ጽሑፍ እንዲገለጽ፥ ለግምቱም አባላቱ ሁሉ በአንድነት ኃላፊ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 1243 ሲወጣ፥ ቀድሞ ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉት የነበረው ማኅበር በአንድ ሰውም እንዲቋቋም ተፈቀደ።

ብቻውን የሆነ ሰው ግን «ዕቃህ አይደለም» የሚለው ባልደረባ የለውም። በአየርላንድ ማካውራ የተባለ ባለርስት ዕንጨቱን የራሱ ለሆነ ማኅበር ሸጠ፤ የእሳት መድኑን ግን በገዛ ስሙ ገባ። በ1922 እ.ኤ.አ. ዕንጨቱ ተቃጠለ። በ1925 እ.ኤ.አ. በለንደን የጌቶች ምክር ቤት፥ ዕንጨቱ የማኅበሩ እንጂ የእርሱ ስላልሆነ መድኑ አይከፈለውም ሲል ፈረደ።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፥ ማኅበር ስታቋቁሙ የምታስገቡትን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፉ፤ ግምቱን ተስማሙበት፤ የባለቤትነቱንና የመድኑን ወረቀት በማኅበሩ ስም አዙሩ። ለቤት የምትፈልጉትን ግን አስቀድማችሁ ለዩ። እኛ ልጆችም በአባታችን ስም የማኅበርን ዕቃ አናንሣ።