ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ሲያተኩሰው ለምን ጠዋት አይጠበቅም?

አንዲት የጡት ካንሰር ያለባት እናት ከተልተሌ ተነስታ፣ በያቤሎ አድርጋ አዲስ አበባ ትመጣለች እንበል። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሰውነቷ ይግላል። ቤተሰቡ «የመንገድ ድካም ነው፣ ነገ ይሻላታል» ይላል። ይሄ አባባል ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ለምን? መልሱ ያለው መድኃኒቱ አሠራር ውስጥ ነው።

ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው፤ «አልካይሌቲንግ» ከሚባለው የመድኃኒት ወገን። ስሙ አያስፈራችሁ። አልካይል ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ትንሽ የሞለኪውል ቁራጭ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እንዲህ ያለ ቁራጭ ዲኤንኤ ላይ ይለጥፋሉ።

ዲኤንኤን በሁለት ክር እንደተገመደ ገመድ አስቡት። ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ገመዱን ፈትቶ ሁለቱንም ክር መቅዳት አለበት። ሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ ጉበት ውስጥ ሲለወጥ ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ይወጣዋል። በአንዱ እጁ አንዱን ክር፣ በሌላው ሌላውን ያንቃል። ገመዱ ተቋጠረ ማለት ነው። ሴሉ መፍታትም መጠገንም ሲያቅተው ራሱን ያጠፋል።

የዚህ መድኃኒት ዘር የመጣው ከጦር ሜዳ መሆኑን ታውቃላችሁ? የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. በሰሜንም፣ ወደ ነገሌ በሚወስደው የደቡብ ግንባርም በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሟል። ቆዳ የሚያቃጥለው ይህ ኬሚካል ነጭ የደም ሴሎችንም እንደሚጨርስ ሐኪሞች ቀድሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጎጂዎች ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉድማንና ጊልማን የጋዙ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን ማስታርድ ሊምፎማ ላለበት ሰው እንዲሰጥ አደረጉ። ዕጢው ሟሸሸ፤ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ሳይክሎፎስፋማይድ የተገኘው ከዚሁ ዘር ነው።

ችግሩ፣ መድኃኒቱ የካንሰርን ገመድ ከጤነኛው አይለይም። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ሴል ሁሉ ይመታል። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ጸጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። መውለድ መቻልንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ልጅ የሚፈልግ ሰው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቱ ሲለወጥ የሚወጣው አክሮሊን ደግሞ ፊኛን ያቆስላል፤ «ውሃ በደንብ ጠጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የአጥንት መቅኔ ነው። ነጭ የደም ሴሎች የሚመረቱት እዚያ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ቁጥራቸው በጣም ያሽቆለቁላል። ያቺ እናት ተልተሌ ገብታ ባረፈችበት ሰሞን መሆኑ ነው! ያኔ ተራ ባክቴሪያ እንኳ ደም ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ሊገድል ይችላል። የሚዋጋው ሴል ስላነሰ መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል። ትኩሳቱ ብቻውን ነው የሚናገረው።

ጤነኛ መቅኔ ግን ያገግማል። ቀጣዩ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከ3 ሳምንት በኋላ የሚሰጠውም ፋታ እንዲያገኝ ነው።

እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ቤታችሁ ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ካለ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት «ኬሞ ላይ ነው» የሚለውን ይሁን፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ ወረፋ አይጠብቅም። ወተት ደግሞ፣ የላምም ሆነ የግመል፣ ሳይፈላ አትስጡት።