የአባት ትዝታ፣ የልጅ ቅዠት እንዳይሆን

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓንና በአሜሪካ ጌም ቤቶች ያደጉ ወላጆች የሴጋን «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ዴድ» አይረሱትም። ሳንቲም ከትተው፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ ይዘው፣ ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ከመቃብር የተነሱ በሚመስሉ ፍጡራን ላይ ይተኩሱ ነበር። ሳንቲሙ ሲያልቅ ፍርሃቱም ያልቃል።

ጨዋታው በ2022 ታድሶ ለኒንቴንዶ ስዊች፣ ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስ ቀረበ። አሁን ሳሎን ገብቷል፤ «በቃ» የሚል ሳንቲም የለም። ለሁለት ስለሚጫወቱት አባት ልጁን ሊጋብዝ ይከጅላል፤ «እኛስ ተጫውተነው ምን ሆንን?» ይላል። ደም ስለበዛበት ግን በአሜሪካ የተመደበው ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ ልጆቹ ሲተኙ መጀመሪያ ብቻዎን ይሞክሩት። ለትንሹ ልጅዎ ትዝታውን ብቻ ያውሩለት፤ ዕድሜው እስኪደርስ ጨዋታው የትም አይሄድም።