ቦዩ ሲዘጋ ቧንቧው ይታመማል

ዛሬ የምነግራችሁ የሰው ሐሜት ሳይሆን የራሴን ኑዛዜ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ!

ለሥራ ጭሮ (ብዙዎቻችሁ አሰበ ተፈሪ የምትሏት) ሄጄ የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየሁ። በሩ ላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ጫት በቃምኩ ቁጥር ገራባውን በፌስታል ቋጥሬ ወደዚያው ውርውር! ማን ያየኛል? እማማ ግን ያያሉ። «አንተ ልጅ ተው፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እስቃለሁ።

ጭሮ ከተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ላይ የዘነበው ታች ይወርዳል። አንድ ማታ ዶፉ ወረደ። ቦዩ በእኔና በመሰሎቼ ፌስታል ተደፍኖ ኖሮ ጎርፉ ግቢ ገባ። ጭቃውን ጠራርገን «ተመስገን» አልን። በማግስቱ፣ ጠፍቶ የሰነበተው ቧንቧ ሲመጣ ተሻምተን ቀዳን፣ ጠጣን። በሦስተኛው ቀን የእማማ የልጅ ልጅ በተቅማጥ ተያዘ። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ እንኳ የለውም። ታቅፈነው ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ተመስገን፣ ተረፈ! እኔ ግን እማማን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ቦይና ቧንቧን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧ ውሃ ሲኖረው ግፊት ስላለው በስንጥቁ ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋና ያው ስንጥቅ በዙሪያው የተኛውን እጣቢ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የምንቀዳው ያንን ነው! የልጁ በሽታ ከዚያ ይሁን ከሌላ የማለልኝ የለም፤ ኅሊናዬ ግን አይለቀኝም።

ጎርፍ ቀልድ አይደለም። ጎረቤታችን ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው አጥታለች። በአንድ ምንጭ መተማመንም እንዲሁ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ፣ ከተማዋ ውሃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ለመውረድ ተገዳለች።

ታዲያ የሚኤሶ፣ የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ወጣቶች፣ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በልግና ክረምት ሳይገቡ ከሰፈር ልጆች ጋር ቦያችሁን ጥረጉ። ያወጣችሁትን ቆሻሻ ግን ዳር ላይ አትተዉት፤ ተመልሶ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቧንቧ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለመጸዳጃ ቤት አድርጉት። የሚጠጣውን አፍሉ፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ጣሪያችሁን አትናቁ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ለልብስና ለዕቃ ይበቃል። ጣሪያውን የሚያጥበውን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አፍስሱት።

አራተኛ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አፋችሁን አትያዙ። ቧንቧ በቦይ ውስጥ ለምን ያልፋል? መንገዱ ሲሠራ ቦዩስ የታል? ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋዬን ይዤ ቦይ እጠርጋለሁ። እማማም «አንተ ልጅ» ማለቱን ትተው «ልጄ» ይሉኝ ጀምረዋል።