የሚያነክስ ሞተር

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት መንገድ እያስጠረጉ ነበር። ዛሬ በዚያው ደጋ፥ በገሳይ፥ መንገድ አለ፤ የሚያስቸግረው አሮጌው ሞተር ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፥ ይጠፋልም። ባለቤቱ ሳይመረምር ዕቃ ይለውጣል፤ ገንዘቡ ያልቃል፥ ሕመሙ ግን አይለቅም።

በ2,800 ሜትር ከፍታ አየር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል። ምርመራው ከቀላሉ ይጀመር፤ የአየሩ ማጣሪያ ይጽዳ፥ ካንዴላውም ወጥቶ ይታይ። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ እጅግ ከነጣ አየር በዝቷልና የተሰነጠቀ ቱቦ ይፈለግ። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሞተሩ ቢያነክስ የሲሊንደሩ የጭመቃ ኃይል ይለካ፤ ቫልቩ ተቃጥሎ እንደ ሆነ ካንዴላ መለወጥ አያድነውም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በቍልቍለት ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ አጋዥ ኃይሉን ያጣል፤ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እንግዲህ ሹፌሩ «ሞተሩ እየጠፋ ነው» ባለ ጊዜ፥ ከኋላ የተቀመጥን ሹማምንትና ካህናት «እስከ ደብረ ታቦር ብቻ አድርሰን» እያልን አናስቸኵለው። የአንድ ሰዓት ምርመራ የብዙ ሰው ነፍስ ያተርፋልና።