ዴቢያን ሳይጠይቅ የማይነካው ፋይል

ሶፍትዌር ሲታደስ አዲሱ ፕሮግራም አሮጌውን ቢተካ የሚከፋ የለም፤ ፕሮግራሙ የአዘጋጁ ሥራ ነው። የማዋቀሪያ ፋይል ግን ባለቤቱ ሁለት ነው፦ አዘጋጁ ጽፎ ይልከዋል፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ደግሞ ለራሱ እንዲስማማ ያርመዋል። በሊኑክስ ላይ ማን በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን መሥራት እንደሚችል የሚወስነውን የሱዶ ፋይል እንውሰድ። አስተዳዳሪው በጥንቃቄ ያጠበበውን ፈቃድ ዝማኔ ቢደመስሰው ሥልጣን ለማይገባው ሰው ይደርሳል፣ ያውም ማንም ሳያውቅ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ዝማኔ የአስተዳዳሪውን ለውጥ እንዲጠብቅ በደንቡ የደነገገው ስለዚህ ነው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

ደንቡን የሚያስከብረው ዲፒኬጂ የተባለው የፓኬጅ መጫኛ ነው። ጥበቡ ያለው በማስታወሱ ላይ ነው፤ ፋይሉን ሲጭን ኤምዲ5 በሚባለው ስሌት አሻራውን ወስዶ ይመዘግባል። ዝማኔ ሲመጣ ያንን አሻራ ዲስኩ ላይ ካለው ፋይልና አዲስ ከመጣው ጋር ያመሳክራል። አስተዳዳሪው ካልነካው በዝምታ በአዲሱ ይተካዋል። አስተዳዳሪው ለውጦት አዘጋጁ ካልለወጠው የአስተዳዳሪውን ይተዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ከለወጡት ግን ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ ልዩነቱንም ያሳያል። መልስ ሳይመርጡ አስገባ የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ ነባሩ ይቀራል፣ አዲሱም በሌላ ስም አጠገቡ ይቀመጣል። አስተዳዳሪው አስቦበት ያጠፋውን ፋይል እንኳ መልሶ አያመጣም። ማጥፋትም ውሳኔ ነውና ይህ በተለይ ደስ ያሰኛል።

«ኮምፒዩተሩ ራሱ ለምን አያዋህዳቸውም?» የሚል ይኖራል። የሱዶ ፋይል መልሱን ይዟል። እዚያ ሁለት መስመሮች ለአንድ ተጠቃሚ ሲሠሩ የሚጸናው ኋላ የተጻፈው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ቅደም ተከተላቸው ስለተዛባ ብቻ ሁለቱም ጸሐፊዎች ያላሰቡት ፈቃድ ሊወጣ ይችላል። ጽሑፍ ማዋሃድ ቀላል ነው፤ ሐሳብ ማዋሃድ ግን የሁለቱን ፍላጎት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የብዛቱ ነው፦ ሺህ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሺህ ጊዜ ሊጠየቅ አይችልም። እውነት ነው። ዲፒኬጂ ነባሩን ሁልጊዜ እንዲያስቀር አስቀድሞ ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ዋጋ አለው፤ በአዲሱ ፋይል የመጣ የደኅንነት ማስተካከያ ሳይሠራ አጠገብ ተቀምጦ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ግጭቱ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ሱዶ ከዋናው ፋይል ሌላ ተጨማሪ መመሪያዎችን የሚያነብበት ማኅደር አለው። አስተዳዳሪው የራሱን መስመሮች እዚያ ካስቀመጠ ዋናው እንደመጣ ይቆያል፤ አሻራው ስለማይለወጥም በሺውም ሰርቨር ላይ ጥያቄ ሳይነሳ ይታደሳል።